ቀስ ብላ የምታልፍ ኳስ

(መክፈቻ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ይወርዳል)

መሐል ሜዳ፣ ሞላሌና ራቤል ያላችሁ፣ ወደ መርሐ ቤቴ ወረድ ብላችሁ ዓለም ከተማ የምታዳምጡን፣ በጓሳ ዳርቻ ብርዱን በባና ተከላክላችሁ ሬዲዮናችሁን የከፈታችሁ ሁሉ፣ እንኳን ለዛሬው የስፖርት ትምህርት አደረሳችሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት ምት ነው። ስለ አንዲት ብቻ። እስቲ በጥያቄ እንጀምር።

የገና ጨዋታ ሲደራ፣ ሁለቱ ወገን ሩሯን ሲሻሙ፣ ሆታው የሚቀልጠው ለማን ነው? አርቆ ለመታ ነው አይደል? ዱላውን ከትከሻው በላይ አንሥቶ፣ ባለ በሌለ ጉልበቱ፣ ሩሯን ከዓይን ላራቃት ጎረምሳ። እኛ ምት ስንል የምናውቀው ይህንን ነው። የዛሬዋ ምት ግን የምትወደሰው ቅርብ ስለወደቀች ነው። ሩቅ ከሄደች ተበላሸች ማለት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ጨዋታው ፒክልቦል ይባላል። ለአገራችን እንግዳ ስለሆነ መጀመሪያ እንተዋወቀው። በእኛ 1957 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1965 በጋ ላይ ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ቤንብሪጅ በምትባል ደሴት፣ ጆኤል ፕሪቻርድና ቢል ቤል የተባሉ ጓደኛሞች ቤተሰባቸው የሚሠራው አጥቶ ተሰላችቶ አገኙት። ግቢው ውስጥ የባድሜንተን ሜዳ ነበር፤ የመጫወቻው ዕቃ ግን አልተሟላም። ስለዚህ የጠረጴዛ ቴኒስ መምቻና ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት የፕላስቲክ ኳስ ይዘው ወጡ። መረቡን ቆይተው ወደ ወገብ አወረዱት። ባርኒ ማካለም የተባለ ወዳጃቸው ደግሞ ከኮምፔንሳቶ መምቻ ቆርጦ ሠራላቸው።

ልብ በሉ፤ ጨዋታው የተወለደው ዕቃ ጎድሎ ነው። ስለዚህ «መምቻው ከየት ይመጣል» ብላችሁ ሬዲዮውን እንዳትዘጉብኝ። እደርስበታለሁ።

(አጭር ዝምታ)

ሬዲዮ ነውና ሜዳውን በእግራችሁ እየለካችሁ ተከተሉኝ። ከመረቡ ሥር ተነሡ። ወደ ኋላ 2 ሜትር ከ13 ሳንቲ ሂዱና መስመር አስምሩ። አሁንም ወደ ኋላ ቀጥሉ። ከመረቡ 6 ሜትር ከ70 ሲሞላ ሌላ መስመር አስምሩ፤ ሜዳው እዚያ ያልቃል። ወርዱ 6 ሜትር ከ10 ነው። ከመረቡ ማዶም እንዲሁ ነው። መረቡ መሐል ላይ 86 ሳንቲ ብቻ ነው፤ የአዋቂ ሰው ወገብ አይደርስም። በየወገኑ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይሰለፋል፤ እኛ ሁለት ለሁለት እንደሆነ አድርገን እንናገራለን።

በመረቡና በፊተኛው መስመር መካከል ያለችውን ጠባብ ቦታ አስተውሏት። ተጫዋቾች ማድ ቤት ይሏታል። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ማድ ቤት ውስጥ ቆሞ ወይም መስመሯን ረግጦ፣ መሬት ያልነካች ኳስ መምታት ክልክል ነው። ነጥራ ከሆነ ግን ገብቶ መምታት ይቻላል። ልድገመው። ከነጠረች ግቡ፤ ካልነጠረች ከማድ ቤት ውጡ።

ሌላም ሕግ አለ። ጨዋታው ሲጀመር አንዱ ወገን ኳሷን ከሥር ወደ ላይ መትቶ በሰያፍ ይልካል፤ ሰርቪስ ማለት ነው። ተቀባዩ ኳሷ ነጥራለት ይመልሳል። መልሱ የደረሰው፣ ሰርቪሱን የመታው ወገንም በተራው እስክትነጥር መጠበቅ አለበት። ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ ነው።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። ሰርቪስ የመታው ወገን አሁን የት ነው ያለው?

(አምስት ሰከንድ ዝምታ)

ኋላ ነው። ኳሷ እስክትነጥርለት ስለሚጠብቅ ወደ ፊት ሊሄድ አልቻለም። ተቀባዩስ? እሱ እንደመለሰ ገሥግሦ ማድ ቤቱ ደፍ ላይ ቆሟል። ከፍ ብላ የመጣችለትን ሁሉ ከላይ ወደ ታች ሊደፍቃት እጁን አንሥቶ ይጠብቃል።

እናንተ ኋላ፣ እሱ ፊት። አሁን ጠንክራችሁ ብትመቱ ምን ይሆናል? ፈጥና የሄደች ኳስ ፈጥና ትመለሳለች። እሱ መምቻውን መደቀን ብቻ ይበቃዋል፤ ጉልበቱን እናንተ አዋጥታችሁለታል። ኳሷም ገና ከኋላው መስመር ሳትነቃነቁ እግራችሁ ሥር ትወድቃለች።

ስለዚህ ሌላ ብልሃት ያስፈልጋል። ኳሷን ከፍ አድርጋችሁ፣ አዝግማችሁ ላኳትና ማድ ቤት ውስጥ ጣሏት። ያኔ ተጋጣሚያችሁ ከላይ ሊደፍቃት አይችልም። ሳትነጥር ሊመታት ማድ ቤት መግባት ክልክል ነው። ነጥራ ቢያገኛትም ከመረቡ በታች ስለሆነች ከሥር ወደ ላይ ማንሣት ግዴታው ነው። ወደ ላይ የተነሣች ኳስ ደግሞ ዝግ ብላ ነው የምትመጣው። በዚያች መሐል እናንተ ተራምዳችሁ መረቡ ዘንድ ትደርሳላችሁ።

የዚህች ምት ትርፏ ፋታ ነው። ነጥብ አታመጣም፤ ፋታ ታመጣለች። ይህን ያልያዘ ሰው ምቷን መቶ ጊዜ ቢለማመዳትም ጨዋታ ውስጥ አይጠቀምባትም። ለምን መሰላችሁ? አንድ ቀን በእልህ ጠንክሮ ይመታና ያስቆጥራል፤ ከዚያ ወዲያ ለስላሳዋን ይንቃታል።

መረብ ኳስ የምትጫወቱ ተማሪዎች ይህን ታውቁታላችሁ። ሊመታ የዘለለው ልጅ አጋጆቹ እጃቸውን ሲደቅኑበት፣ በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ከኋላቸው ይጥላታል። ሜዳ ዙሪያ ያለው ሰው ይስቃል። አጋጆቹ ግን አይስቁም።

(ሙዚቃ፤ አሥር ሰከንድ)

አሁን ወደ እጃችን እንምጣ። መምቻ የሌላችሁ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ያዙ። ሰው እንደምትጨብጡ አድርጋችሁ ያዙት። ያዛችሁ? እንግዲህ አላሉት። ከጎናችሁ ያለ ሰው ሳብ ቢያደርገው ብዙ ሳይታገል የሚወስደው ያህል ይላላ። ጣቶቻችሁን እዩዋቸው፤ አንጓቸው ነጣ ካለ አሁንም ጠብቋል ማለት ነው። የጠበቀ እጅ ኳስን ያስፈነጥራል፤ የላላ እጅ ግን ፍጥነቷን ይውጥላታል።

መንዝ ባናና ዝተት የሚሸመንበት አገር ነውና ሸማኔውን አስቡት። መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ሲልክ ክንዱን አያወናጭፍም። ማዶ ያለው እጁ ዘንድ እስክትደርስ የሚበቃትን ያህል ብቻ ሰጥቶ ይለቃታል። ከዚያ ካለፈ መወርወሪያው መሬት ላይ ነው። የዛሬዋም ምት ልኳ ይኸው ነው።

ቁሙና ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ። መምቻውን ወደ ኋላ ብዙ አትውሰዱት፤ ዳሌያችሁ ዘንድ ሲደርስ ይብቃው። ኳሷ ስትመጣ አትቸኩሉባት። ትንጠር፣ ትውጣ፣ የመጨረሻ ከፍታዋ ላይ ለአፍታ የቆመች ትመስላለች። ልትወርድ ስትል ነው የእናንተ ጊዜ። ከጎናችሁ ሳታልፍ፣ ከፊታችሁ ሳለች አግኟት። የእጅ አንጓችሁ አይታጠፍ፤ እንቅስቃሴው ከትከሻ ይምጣ። የመምቻው ፊት ትንሽ ወደ ሰማይ ያቅና። ከታች ወደ ላይ ገፋ አድርጉና ልቀቋት።

ዓይናችሁስ የት ይሁን? ጀማሪ የመረቡን ጫፍ ያያል። ለጥቂት ላሳልፋት ይላል፤ ኳሷም መረቡ ላይ ትቀራለች። እናንተ ከመረቡ በላይ አየር ላይ ያለውን ቦታ አልሙ። የኳሷ መንገድ እንደ ቅስት ነው፤ የቅስቱ ጫፍ ከመረቡ ወዲህ፣ በእናንተ በኩል ይሁን። ይህን ልድገመው፤ ዋናው ምሥጢር እሱ ነውና። ጫፉ በእናንተ በኩል ይሁን። እንዲያ ሲሆን ኳሷ መረቡን የምታልፈው እየወረደች ነው። ጫፉ ከመረቡ ማዶ ከሆነ ግን ለተጋጣሚያችሁ አመቻችታችሁ አቀረባችሁለት ማለት ነው።

ከዚያ እግር። ስለዚህ ምት ሲወራ ሁሉም ስለ እጅ ነው የሚያወራው። እኔ ግን እግሩ ይብሳል ባይ ነኝ። አንዳንዱ ይመታና ቆሞ ምቱን ያደንቃል፤ ያገኛትን ፋታ እዚያው ይጨርሳታል። ሌላው ደግሞ ሳያይ ይሮጣል። ኳሷ ከፍ ብላ ተበላሽታ ከሆነ እኮ በሩጫ ላይ ሳለ ደረቱን ነው የምታገኘው። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ መትታችሁ ተራመዱ፤ ኳሷን እያያችሁ ተራመዱ። ተጋጣሚው ሊመታ ሲል ባላችሁበት ቀጥ በሉ። ለሁለተኛ ጊዜ ለስላሳ ምት መትታችሁ እንደገና ተራመዱ። በአንድ ምት መረቡ ዘንድ ካልደረስኩ ብሎ መሞት የለም።

አንድ ነገር ሳልል አልለፍ። የተመለሰችላችሁ ኳስ አጥራ፣ ከፍ ብላ፣ መሐል ሜዳው ላይ ከነጠረች ለስላሳ ምት አታባክኑባት። ያን ጊዜ የገናውን ጉልበት አምጡት።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ያልኩትን የትም አገር ያለ አሰልጣኝ ይላችኋል። አሁን የምለው ግን የጓሳ ጉዳይ ነው።

ስለ ደጋ ቀጭን አየር የምንሰማው ሁልጊዜ ስለ ሯጮቻችን ሲወራ ነው። ቀጭን አየር ለሯጭ ሳንባ ምን እንደሚያደርግ ሰምታችኋል። ለኳስስ ምን ያደርጋል?

ኳስ ስትበር አየር ፊት ለፊት ይገፋታል፣ ያዘገያታል። የፒክልቦል ኳስ ክብደቷ 27 ግራም አይሞላም፤ በዚያ ላይ ዙሪያዋን ቀዳዳ ናት። አየር በቀላሉ ይገታታል። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ ሦስተኛ ያህል ይሳሳል። የሚገታት ነገር ሲሳሳ ኳሷ ትፈጥናለች፣ ትርቃለችም።

ምሳሌ ከፈለጋችሁ ላፓስን እንይ። የቦሊቪያ ብሔራዊ ቡድን ለዓመታት ሲጫወትበት የኖረው የከተማዋ ስታዲየም ከፍታው 3600 ሜትር ገደማ ነው፤ የጓሳ ጎረቤት ቢባል አያሳፍርም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ አርጀንቲና፣ በማራዶና እየተመራች፣ ሜሲን አሰልፋ እዚያ ሄደች። 6 ለ 1 ተሸንፋ ተመለሰች። የእግር ኳሱ የበላይ አካል ፊፋ ከዚያ በፊት በ2007 በከፍታ ቦታ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ከልክሎ፣ ተቃውሞ ሲበዛበት በዓመቱ አንሥቶታል። እንግዶቹ የሚያማርሩት ስለ ትንፋሻቸው ብቻ አልነበረም፤ ኳሷም ከለመዱት በላይ እየፈጠነችባቸው ስለነበር ነው።

የቴኒስ ሰዎችም ጉዳዩን ያውቁታል። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ እንዲኖር ደንብ አውጥቷል። አዲስ አበባ እንኳ የዚያን እጥፍ ልትሞላ ጥቂት ነው የሚቀራት። የቴኒስ ኳስ ግን ሆዷ ውስጥ የታመቀ አየር ስላለ ከፍታ ላይ ንጣሯም ይጨምራል። የፒክልቦል ኳስ ቀዳዳ ስለሆነች ከዚህኛው ጣጣ ነፃ ናት። በረራዋ ነው የሚለወጠው።

እንግዲህ ይህ ለዛሬዋ ምት ምን ማለት ነው? እውነቱን ለመናገር፣ ዝግ ብላ በምትሄድ ኳስ ላይ የከፍታው ለውጥ ያን ያህል የጎላ አይደለም። አየር አብዝቶ የሚታገለው የፈጠነችውን ነው። ነገር ግን ማድ ቤቷ 2 ሜትር ከ13 ሳንቲ ብቻ መሆኗን አትርሱ። ትንሽ ብትረዝም መስመሩን አልፋ ተጋጣሚያችሁ መምቻ ላይ ታርፋለች። ስለዚህ በስልክ ላይ የፈረንጅ አሰልጣኝ አይታችሁ የምትለማመዱ ልጆች፣ እሱ የቆመው ቆላ ሊሆን ይችላል። እናንተ ከእሱ ትንሽ አሳጥሩ። ከዓለም ከተማ መሐል ሜዳ ድረስ ለግጥሚያ ብትወጡም ያው ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ኳሶች መለኪያ አድርጓቸው።

ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። መረቡ ላይ ቆሞ የሚደፍቀው ሰው እዚህ ከፍታ ላይ ይበልጥ ይከብዳል። የእሱ ጠንካራ ምት ነው አየሩ ሲሳሳ የሚጠቀመው። ኋላ ቀርቶ በጉልበት የሚፋለም ሰው በጓሳ ዙሪያ ከሌላው ቦታ የባሰ ነው የሚጎዳው። ለስላሳዋን ምት ከማንም በፊት መማር ያለበት የደጋ ሰው ነው የምለው ለዚህ ነው።

(አጭር ዝምታ)

ብርዱን ደግሞ አንርሳ። ውርጭ ባደረበት ጠዋት የፕላስቲክ ኳስ ትደርቃለች። ንጣሯ ይወርዳል፣ ድምፅዋም ይለወጣል፤ ቋ ማለት ትጀምራለች። ጠንክረው ሲመቷት ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ቀጭን ስንጥቅ ይሄድባታል። የተሰነጠቀች ኳስ ደግሞ አቅጣጫ አትይዝም። ከመጫወታችሁ በፊት ኪሳችሁ ወይም ብብታችሁ ውስጥ አቆዩዋት። ጉልበታችሁንም ከሌላው ጊዜ ይበልጥ አጠፍ አድርጉ፤ ንጣሯ አጭር ነውና።

(ሙዚቃ፤ አምስት ሰከንድ)

ዕቃው ከየት ይመጣል ብላችሁ ነበር። መምቻው ከኮምፔንሳቶ ይቆረጣል። ርዝመቱ ከነእጀታው 40 ሳንቲ፣ ወርዱ 20 ሳንቲ ቢሆን ደንቡም ይፈቅደዋል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አልስልሱት፤ እጀታውን በጨርቅ ጠቅልሉት። መስመሩ በአመድ ወይም በኖራ ይሰመራል። መረብ ከሌለ ሁለት እንጨት ተክላችሁ ገመድ ወጥሩና ጆንያ ስቀሉበት። ገመዱን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ የጓሳ ሳር ገመድ መግመድ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ቀዳዳዋ ኳስ እስክትገኝ ድረስ አየሯ የወጣ አሮጌ የቴኒስ ኳስ እጅ ለማፍታታት ይሆናል። ክብደቷ ስለሚለይ ግን ልካችሁን በእሷ አትያዙ።

ሜዳው ጠጠር የሌለበት ደልዳላ የትምህርት ቤት ግቢ ይሁን። ሳር ላይ ኳሷ አትነጥርም። ጓሳውንም ለጭላዳውና ለቀይ ቀበሮው ተዉላቸው።

ልምምዱ እንዲህ ይጀመራል። መጀመሪያ መምቻውን አስቀምጡት። አዎ፣ አስቀምጡት። ኋላ መስመር ላይ ቆማችሁ ኳሷን በእጃችሁ ከሥር ወደ ላይ ወርውሩና ማድ ቤት ውስጥ ጣሏት። ማዶ ማድ ቤቱ ላይ ጆንያ አንጥፉ፤ እሱ ዒላማችሁ ነው። እጃችሁ የቅስቱን ልክ በራሱ ያገኘዋል። ከዚያ መምቻውን አንሡ። ግን ኋላ አትቁሙ፤ ከጓደኛችሁ ጋር ሁለታችሁም ማድ ቤቱ ደፍ ላይ ፊት ለፊት ቆማችሁ ቀስ እያላችሁ ተቀባበሉ። ኳሷ ሳትበላሽ መመላለስ ስትጀምር አንዳችሁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ሲለመድ ደግሞ አንድ እርምጃ። ከተበላሸ አንድ እርምጃ ወደ ፊት። የኋላው መስመር ላይ የሚደረሰው እንዲህ ነው። መጀመሪያውኑ ከኋላ የጀመረ ሰው ርቀቱ ያስፈራውና እጁን ያጠብቃል።

መምህራን፣ ልጆቹን ነጥብ እያስቆጠራችሁ አታለማምዷቸው። ነጥብ ከመጣ ጉልበት ይመጣል። ማድ ቤት የገባችውን ብቻ ቁጠሩ።

እስቲ አንድ ጊዜ አብረን እንከልሰው። እኔ ልጠይቅ፣ እናንተ መልሱ። እጃችን ጠበቀ ወይስ ላላ?

(ሦስት ሰከንድ ዝምታ)

ላላ። የቅስቱ ጫፍ በማን በኩል?

(ሦስት ሰከንድ ዝምታ)

በእኛ በኩል። ከመታን በኋላስ?

(ሦስት ሰከንድ ዝምታ)

እያየን እንራመዳለን፤ ተጋጣሚው ሊመታ ሲል ቀጥ እንላለን። ጎበዞች!

ለሳምንት የሚሆን ጥያቄ ትቼላችሁ ልሂድ። በጓሳ ዙሪያ ነፋስ አይጠፋም። ነፋሱ ከኋላችሁ ሲነፍስ ኳሷን የምትለቁበት ጉልበት ምን ይሁን? የቅስቱ ከፍታስ ይጨምር ወይስ ይቀንስ? ፊት ለፊት ሲነፍስባችሁስ? በቃል አትመልሱልኝ። ሜዳ ወጥታችሁ ሁለቱንም ወገን ሞክሩና፣ ኳሷ ጆንያው ላይ የወደቀችበትን በአመድ ምልክት እያደረጋችሁ እዩት። በሚቀጥለው ሳምንት በዚህችው ሰዓት መልሱን ይዘን እንመለሳለን። ከዚያ ቀጥለን ሁለቱም ወገን መረቡ ዘንድ ሲደርስ ስለሚጀመረው የቅርብ ለቅርብ ቅብብል እናወራለን።

እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።

(መዝጊያ ሙዚቃ)